ጾም ያልፈቱ ንቦች

ልጆቼን ያሳደግኋቸው ንብን እየጠቀስሁ ነው። አንዱ የበላበትን ሳህን ትቶ ሲነሳ «ንብ እንዲህ ታደርጋለች?» እላለሁ። ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ «እልፍ ሆና በአንድ ቀፎ የምትኖረውን አታዩም?» እላለሁ። እንቅልፍ ያበዛውን በንብ እቀሰቅሰዋለሁ፤ የዋሸውን በንብ እገሥጸዋለሁ፤ ንብ ስለ ውሸት ምን እንደምታስብ ግን አላውቅም። ባለቤቴ ከማጀት ሆና «ዛሬ ደግሞ ንቧ ምን አለች?» ትለኝ ነበር። መቱ ውስጥ እንደ እኔ ንብን ያስቸገረ አባት ያለ አይመስለኝም።

ስለ ንብ የማውቀውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን ያገኘሁት ደግሞ ከበርበሬ መጠቅለያ። የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በኋላ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር አሮጌዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት በኪሎ ተሸጡ፤ ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ሐጂም በርበሬና ስኳር ሊጠቀልሉባቸው በጆንያ ገዟቸው። እኔ አናጢ ነኝ። የሐጂን መደርደሪያ ስጠግን ዋጋዬን በመጽሐፍ እቀበል ነበር። የሳይንሱ መጽሐፍ እጄ የገባው ገሚሱ ከተጠቀለለበት በኋላ ነው። ንግሥት፣ ሠራተኛ፣ ወንዱ ድንጉላ የሚለው ገጽ ተርፏል። የሚቀጥለው የለም፤ አንዱ ደንበኛ በርበሬውን ቋጥሮበት ሄዷል። እኔም የንብ ነገር እዚያ ገጽ ግርጌ ላይ ያለቀ መስሎኝ ልጆች አሳደግሁ።

ግቢያችን ሰፊ ነው። ከቤቱ ፊት ያለው ሜዳ ድሮ ቡና የምናሰጣበት ስለነበር ተጠቅጥቆ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ከዚያ ቡና መሬት ላይ ማስጣት ጥራቱን ያበላሻል ተባለና እግር ያለው የሽቦ አልጋ መጣ። ይህ ለእኔ እንጀራ ሆነኝ፤ ለያዮና ለሁሩሙ ገበሬዎች የቡና አልጋ እየሠራሁ ልጆቼን አስተማርሁ። ሜዳው ግን ባዶውን ቀረ። ባዶውን ቀረ ስል ለሥራ ነው እንጂ ለሠርግስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ነው። መቱ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ደልዳላ መሬት ያለው ሰው ጥር በመጣ ቁጥር ሠርግ አያመልጠውም።

በዚያ ዓመት ተራው እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ነበር። አንድ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ገና በመስከረም መጥተው ሲጠይቁኝ «ሜዳው የእርስዎ ነው» አልኋቸው። እኔ ቃል ከሰጠሁ ሰጠሁ ነው። ልጆቼም የሚፈሩኝ በዚህ ነው።

ጥር እንደገባ አንድ ቀን ጣውላ በትከሻዬ ይዤ ሜዳውን ሳቋርጥ ታላቋ ልጄ ጮኸች።

«አባባ! ባሉበት ይቁሙ! እግርዎን እንዳያሳርፉት!»

አንድ እግሬን አንስቼ፣ ጣውላ እንደተሸከምሁ፣ እንደ ሽመላ ቆምሁ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሥነ ሕይወት ነው የምታጠናው። በጉልበቷ እየዳኸች መጥታ ተረከዜ ሊያርፍ ከነበረበት ቦታ አጠገብ ቀይ ክር የታሰረባት ስንጥር ተከለች።

«አሁን ያሳርፉት። ወደ ቀኝ ግን።»

«ምን ልረግጥ ነበር?»

«የንብ ቤት።»

ጣውላውን አውርጄ ጎንበስ አልሁ። እርሳስ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ፣ ዙሪያዋን የተፈጨ አፈር። ልጠይቅ አፌን ስከፍት አንዲት ነገር እያጉረመረመች መጥታ አፋፉ ላይ አረፈች። የኋላ እግሮቿ ጠጉር የበዛባቸው ናቸው፤ በአበባ ዱቄት ከመሞላታቸው የተነሳ ሰፊ ቢጫ ሱሪ የታጠቀች ትመስላለች። ዞር ብላ ሳታየን ጥልቅ አለች።

«ንብ አይደለችም» አልሁ። «ቀፎዋ የታል? ንግሥቷስ?»

«ንግሥት የላትም፣ አባባ።»

«ሠራተኞቹ?»

«ራሷ ናት። ትቆፍራለች፣ ትሸከማለች፣ ትወልዳለች፣ ትሞታለች። ሁሉንም ብቻዋን።»

«ድንጉላውስ?»

«እሱ አለ። ሲመሽ አበባ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል።»

«ቤት አይሠራም?»

«አይሠራም። አያግዝም።»

ባለቤቴ በመስኮት «ይህንንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለች።

ልጄ ሳቋን እንደምንም ውጣ ቀጠለች። «አባባ፣ በዓለም ላይ ካሉት የንብ ዓይነቶች አብዛኞቹ እንዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀፎና ንግሥት ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው።»

ጣውላው ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሁሉ ተግሣጽ! የሳህኑ፣ የብርድ ልብሱ፣ የእንቅልፉ!

«ያን ሁሉ ዓመት በጥቂቶቹ ነው የገሠጹን!» አለችና ከዚያ ወዲያ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እኔም ፊቴን ለማኮሳተር ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ሁለታችን መሬት ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩን አስረዳችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ እነዚህ ንቦች ናቸው። የሚወጡት በበጋው፣ ግራዋ ሲያብብ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ እናቶቹ ያልቃሉ፤ ልጆቹ እስከሚመጣው ዓመት መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ምልክት ያደረገችባቸውን ጎጆዎች እስከ መጨረሻው ካልተከታተለች ሥራዋ ከንቱ ነው፤ ሌላ ጥር መጠበቅ አለባት። ምርቃቷም አብሮ ይተላለፋል።

«ዳሱ እዚህ ነው የሚጣለው?» አለች፤ መልሱን እያወቀች።

«እዚህ ነው።»

«ቃል ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

አልለመነችኝም። ብትለምነኝ በተቆጣሁና በቀለለኝ ነበር። ስንጥሮቿን ወደ መትከል ተመለሰች።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ መሥራት አቃተኝ። መዶሻዬን አስቀምጬ «አንዴ ልያት» ብዬ እሄዳለሁ፤ ስነሳ ጀምበር ዘንበል ብላለች። በሆዴ ተኝቼ፣ አገጬን እጄ ላይ አሳርፌ፣ ልጄ ጎን ሆኜ አያለሁ። ንቧ ስትቆፍር አፈሩን በኋላ እግሮቿ እየገፋች በጀርባዋ ነው የምትወጣው፤ ልክ ጎንበስ ብላ ቤቷን ወደ ደጅ እንደምትጠርግ ሴት። አንዷ የጎረቤቷን ጉድጓድ የራሷ መስሏት ገባችና የሰው ሽንት ቤት በር እንደከፈተ ሰው ተደናግጣ ወጣች። ብቻዬን ሳቅሁ። ከሁሩሙ የቡና አልጋ ሊያዝዝ የመጣ ገበሬ እንደተዘረጋሁ አገኘኝና «ማሎ! ጋሼ ታመሙ እንዴ?» ሲል ባለቤቴ «አልታመመም፤ ንብ እያየ ነው። አልጋህ ግን ትዘገያለች» አለችው።

ወሬውን እሱ ይሁን ሌላ ሰው ያወጣው አላውቅም። እኛ አገር ንብ ከመሬት ትገባለች ከተባለ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣዝማ። በኦሮምኛ ዳሙ ትባላለች። ትንኝ የምታክል፣ የማትናደፍ፣ ማሯን መሬት ውስጥ የምትደብቅ፣ ማሯም ለሳል መድኃኒት ነው የሚባልላት። አሁን አስቡት፤ የአናጢው ሴት ልጅ ግቢያቸው ውስጥ የንብ ጉድጓድ አግኝታ እያንዳንዱን በቀይ ክር ምልክት አድርጋበታለች። መቱ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች?

ወሬው በወጣ ማግሥት ሐጂን በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ብርጭቆ፣ በሌላው ማንኪያ ይዘዋል። ከኋላቸው ዶማ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«ይግቡ፣ ሐጂ።»

«አልገባም። እዚሁ እንነጋገር። እኔና አንተ ስንት ዓመት ጎረቤት ነን?»

«ኧረ ምን ሆነው ነው?»

«ክረምቱን ሙሉ ስስል ግድግዳህ ሲንቀጠቀጥ ሰምተሃል። ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም? ዳሙ ደጅህ ላይ አስቀምጠህ እኔን ትደብቀኛለህ?»

ልጄ ከሜዳው እየሮጠች መጥታ እጆቿን ዘርግታ ዶማዎቹ ፊት ቆመች። «ሐጂ፣ ማር የላቸውም! እነዚህ ማር አይሠሩም!»

ሐጂ ማንኪያውን ዝቅ አደረጉ። «ማር የማይሠራ ንብ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ንብ ሆነ?»

ክርክር እንደማያዋጣ ገባት መሰለኝ፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደቻቸው። ለጥናቷ ስትል ከፍታ የነበረች አንዲት ጎጆ ነበረች። ከዋናው ቀዳዳ ወደ ጎን የታጠፈች ትንሽ ክፍል፤ ውስጧ እንደ ሸክላ ስኒ የለሰለሰ፤ መሐሏ ላይ አተር የምታክል ቢጫ ኳስ። ኳሷ ላይ እንደ ቀጭን ክር ቁራጭ ነጭ እንቁላል ተጋድማለች። «ይሄ ስንቋ ነው» አለች። «እናትየው የአበባ ዱቄት ታድቦለቡላለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ትሄዳለች። ልጇን አታየውም።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ መቅመስ አለብኝ አሉ። ልጄ እንቁላል ካልተጣለባት ሌላ ኳስ ቆንጥራ ማንኪያቸው ላይ አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ዶማ የያዙት ሰዎች ጠጋ አሉ።

«ሽሮ ነው» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሽሮ። በደንብ ያልበሰለ ሽሮ። ጨውም የለው።» ማንኪያቸውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ።

ዶማዎቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሐጂ ግን ቀሩ። ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ልጄም ከፊታችን ቁጢጥ ብላ የንቦችን የዘር ሐረግ ነገረችን። የንቦች ሁሉ አያት ተርብ ነበረች አለች። ያቺ ተርብ መሬት ቆፍራ፣ ያደነችውን ነፍሳት አምጥታ ለልጇ ጉድጓድ ውስጥ ትተውለት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ምድር ላይ አበባ ሲበዛ፣ ከተርቦቹ አንዱ ወገን አደኑን ተወና በሥጋው ፋንታ የአበባ ዱቄት ማስቀመጥ ጀመረ። ንብ ማለት ያ ወገን ነው።

«ሥጋ ትታ?» አሉ ሐጂ።

«ጭራሹን ትታ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ጾም ያዘች በለኛ!»

«ያዘች» አልሁ። «ግን እስከ ዛሬ አልፈታችም።»

«እንግዲያው የእናንተን ጾም ነው የያዘችው! የእኛማ ማታ ይፈታል!»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ ወደ ሳቅ። ጀርባቸውን እየመታሁ እኔም ሳቅሁ። ሲረጋጉ «አላህ እንዴት እንደሚሠራ እሱ ያውቃል» አሉ። «እኔን የገረመኝ ጠላ ቤት እንደተወ ሰው መቁረጧ ነው።»

ልጄ ቀጠለች። እንደነዚህ ሱሪ የታጠቁት ዓይነቶች ከንቦች ዘር ቀድመው ከተለዩት ቅርንጫፎች መካከል የሚቆጠሩ አሉ፤ አፍሪካ ውስጥም ብዙ ናቸው። የእኛዎቹ ከዚያ ወገን ይሁኑ ወይም ለዚያ የቀረቡ ብቻ፣ ለሚያውቁ ሰዎች ተልከው ካልታዩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እርግጡ ግን የመጀመሪያዎቹ ንቦች ብቸኛ ቆፋሪዎች መሆናቸው ነው። ቀፎው፣ ንግሥቷ፣ የማሩ ጎተራ፣ ሁሉም በኋላ የመጣ ነው።

ይህን ስሰማ ራሴን እንደ መዞር አደረገኝ። ድሮ ቡና የማሰጣበት፣ በየቀኑ የምረግጠው መሬት ላይ ከቀፎ የሚቀድም የኑሮ ዘይቤ እየተኖረ ነው! ጠላ ሳልቀምስ ሰከርሁ። ሐጂም ሰክረው ነው መሰለኝ የሄዱት፣ ምክንያቱም ከቀትር በኋላ ገበያ ስወጣ የዓለም የመጀመሪያዋ ንብ የተወለደችው በእኔ ግቢ እንደሆነ ጨርቅ ሻጩ ለእኔው ነገረኝ። ልጄ ራሷን ይዛ «እንዲህ አላልኩም! አባባ፣ እንዲህ አላልኩም!» ትላለች። ባለቤቴ «ተይው፤ ቡናስ ከእኛ ጫካ ነው የወጣው ስንል ማን ከለከለን» አለቻት።

እኔ ደግሞ አዲስ ተግሣጽ አግኝቻለሁ። ትንሹ ልጄ ሲያረፍድ «ያቺን እናት አላየሃትም? ቀስቃሽ የሌላት፣ የሚያመሰግናት የሌላት...» ብዬ ስጀምር ታላቂቱ «አባባ፣ ንቧን ለአንድ ቀን እንኳ ያለ ምክር ይተዋት!» አለችኝ።

ሠርጉ ሲቃረብ እትዬ ማጭድ ከያዙ ሴቶች ጋር መጡ። የጠላው ጋን በግራዋ መታጠብ አለበት፤ ግራዋው ያለው ደግሞ የእኛ አጥር ላይ ነው። አጥሩ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ንቦቹ ይርመሰመሱበታል። ልጄ አሁንም እጇን ዘርግታ ቆመች።

«የኔ ልጅ፣ ልጄ በዝንብ ምክንያት ያለ ጠላ ያግባ?» አሉ እትዬ።

«ንብ ናት፣ እትዬ።»

«ማር የማትሰጥ ንብ ዝንብ ናት።»

«ቅጠሉን ሸምጥጡ፣ አበባውን ተዉ» አልሁ እኔ። ሴቶቹ እኔንና አጥሩን አፈራርቀው አዩ። አንዷ በኦሮምኛ አናጢው አብዷል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ ገና አልጨረሰም አለቻት። ቢሆንም ሸመጠጡ። ሲሄዱ አጥሩ ላባዋ ተነጭቶ ቆብ የተደረገላት ዶሮ መስሎ ቀረ።

እትዬ ወደ ኋላ ቀርተው ሜዳውን አዩት፤ ስንጥሮቹን፣ ቀይ ክሮቹን። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋሼ፣ ቃልዎን ሊያጥፉ ነው? ይንገሩኝ። ለሌላ ቦታ ጊዜ የለኝም።»

«አላጥፍም።»

«ልጅቷስ? ፊቷን እያየሁ ነው።»

እሳቸው ሲሄዱ ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርሁ፤ እጄ የሚያውቀው ሥራ እሱ ነው። ጎጆዎቹ ሜዳው ሁሉ ላይ አልተበተኑም። ፀሐይ አብዝታ በምታርፍበት በአንድ በኩል ተሰባስበዋል፤ ሁለት የቡና አልጋ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይሸፍናቸዋል። ሜትሩን እንደያዝሁ ቆምሁ። ዳስ ውስጥ ሰው ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይራመዳል፣ ይጋፋል። ማንም የማይረግጠው መሬት የቱ ነው? የሙሽሮቹ መድረክ ሥር ያለው!

ሁልጊዜ መድረኩን የምናቆመው በቤቱ ግድግዳ በኩል ነበር። ዳሱን ብናዞረውስ? መድረኩን እንደ ቡና አልጋ ረጃጅም እግር ሰጥቼ፣ ሳንቃ ደርድሬበት፣ በፀሐይ በኩል ሥሩን ክፍት ብተወውስ?

እየሮጥሁ ሄድሁ። መሮጥ ካቆምሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ ባለቤቴ ቤት የተቃጠለ መስሏት ባልዲ ይዛ ወጣች። ልጄ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንደ ሕፃንነቷ ዘልላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ውረጂ፣ ሰው ያያል» አለች እናቷ፤ ባልዲውን ግን አላስቀመጠችም።

ልጄ ቅድመ ሁኔታ ነበራት። ንብ ቤቷን የምታውቀው በዙሪያው ባለው ነገር ነው፤ በድንጋዩ፣ በስንጥሩ። ሐጂ የሱቃቸውን በር ቀለም ሲቀይሩ አልፈውት የሄዱ ደንበኞች እንደነበሩ ሁሉ፣ እነሱም በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ከተለወጠባቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ቀስ በቀስ ሠራሁ። መጀመሪያ እግሮቹን ብቻ ተከልሁ፤ ንቦቹ ዙሪያውን እየበረሩ አጠኑት። ከዚያ አግዳሚዎቹን፣ ከዚያ ሳንቃውን አንድ በአንድ። የዳሱን ምሰሶ የሚተክሉ የሰፈር ሰዎች አንድ ጉድጓድ ከመቆፈራቸው በፊት ልጄን ማስፈቀድ ነበረባቸው። «ከመሬት አስተዳደር የባሰች ናት» እያሉ ቆፈሩ።

የሠርጉ ዕለት ረፋድ ላይ ዲኮር ሠሪዎቹ መጥተው መድረኩን በሚያብረቀርቅ ጨርቅ እስከ መሬት ሸፈኑት። ልጄ ስታየው ወደ ቤት ሮጠች። መርፌ ቁልፍ አምጥታ በፀሐይ በኩል ያለውን ጨርቅ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ሰብስባ ሰቀለችው። ዲኮር ሠሪው ሥራዬን አበላሸሽ ብሎ ሲጮህ ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «አንተ ሰው፣ የንብን ሁሉ አያት ልታፍን ነው?» አሉት።

ሙሽሮቹ ገቡ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እንደተቀመጡ፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ አንዲት ባለ ሱሪ በሙሽሪት ጉልበት በኩል መጣች። ሙሽሪት ጮኸች። ሙሽራው ተነስቶ በመሐረብ ሊመታት ሲል ልጄ መድረኩ ላይ ዘልላ ወጣች።

«አትምታት! ካልጨመቅሃት አትናደፍም!»

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች ሙሽሪት፤ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባለች።

«ቤቷ ከሥርሽ ነው። ከገበያ ተመልሳ ነው።»

ሙሽሪት አጎንብሳ በመድረኩ ጠርዝ ወደ ታች አየች። ንቧ ጨርቁ ላይ የአበባ ዱቄቷን ተሸክማ መንገድ ትፈልጋለች። ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ጎን አደረገችው። «ትለፍ እንግዲህ» አለች። ንቧ አለፈች። ከዚያ በኋላ አንዷ በመጣች ቁጥር ሙሽሪት ወሬዋን ሳታቋርጥ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርግላት ነበር። ይህን ያዩ ሴቶች ከበሮውን አንስተው ወዲያው ገጠሙላት፤

ጠጋ በይ ሙሽሪት፣ ትግባ ባለ ሱሪ፣
አንቺም ቤት ሠሪ ነሽ፣ እሷም ቤት ቆፋሪ!

ሽማግሌዎች ተራ ይዘው ከመድረኩ ሥር እያጎነበሱ ያዩ ጀመር። ሐጂ እንደ አስጎብኚ ቆመው ያስረዳሉ፤ የሚያስረዱት እውነትና ግነት እኩል የተቀላቀለበት ነው። እኔ በልጆቼ ፊት ጨፍሬ አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን እስክስታ ስወርድ ትንሹ ልጄ እናቱን «አባባ ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ፤ እሷም «ንብ» አለችው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው የተበላሸው። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ሊያነሱት ሲረባረቡ መድረኩ ዳር የነበረ ትልቅ የጠላ እንስራ ተገለበጠ። ጠላው በሳንቃዎቹ መሐል ወደ ታች ሲንዠቀዠቅ ሰማሁት። ቀና ስል ከልጄ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ንቦቹ ሁሉ ገብተዋል። ማንም ሰው ምንም አላስተዋለም፤ ከበሮው ቀጠለ። እሷ ግን ወደ ቤት ገባች።

ጠዋት ጨርቁን ገልጠን መድረኩ ሥር ተኛን። መሬቱ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ጠላው በሄደበት ሁሉ አፈሩ ላቁጦ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ልጄ በጣቷ ልትከፍትላቸው ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ብትነካው ይናዳል አለችኝ። ስለዚህ ፀሐይ መጠበቅ ብቻ ነበር። ባለቤቴ መጣች። ቀጥለው እትዬ መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «በእኔ ጠላ!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያ ሁሉ የዝንብ ነገር ቀርቶ፣ እሳቸውም እንደ እኛ አጎነበሱ።

ፀሐይ በመድረኩ እግር በኩል ገብታ እርጥቡን አፈር ነካችው። ምንም የለም። ፀሐይ ወደ ሁለተኛው ረድፍ አለፈች። ያን ጊዜ አንዲት የሽምብራ ጥሬ የምታክል የጭቃ ክዳን ነቅነቅ አለች። ቆመች። እንደገና ነቅነቅ አለች፤ ተገፍታ ወደቀች፣ ከሥሯም አፈር የለበሰ ጭንቅላት ወጣ። ንቧ አፋፉ ላይ ወጥታ ቀንዶቿን በፊት እግሯ ጠረገች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተንገዳገደች።

«ሰክራለች!» አሉ እትዬ።

ከዚያ ወዲያ ማን መጀመሪያ እንደሳቀ አላውቅም። በሆዳችን ተኝተን ስለነበር ሳቁ መሬቱን ይንጠው ነበር፤ ልጄ በሳቅና በለቅሶ መሐል «ቀስ በሉ፣ ይናዳል፣ ቀስ በሉ!» ትላለች። ንቧ ተነስታ በመድረኩ ዙሪያ ጠማማ ክብ በረረችና ወደ ግራዋው ሄደች። ሌላ ክዳን ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ። ሳይከፈቱ የቀሩም ነበሩ፤ ልጄ የወጡትንም ያልወጡትንም እንዳሉ መዘገበቻቸው። ሥራዬን ለመጨረስ ይበቁኛል ስትለኝ ፊቷን ላለማየት ዞር አልሁ፤ ፊቴንም እንዳታይ።

መዶሻዬን አምጥቼ ሳንቃውን ልነቅል ስጀምር «አባባ፣ እንዳይነኩት!» አለች። «ለምደውታል። አሁን ቢፈርስ ይጠፋሉ።»

ስለዚህ የሠርግ መድረክ ግራዋው አበባውን እስኪጨርስ ድረስ ግቢያችን መሐል ቆሞ ከረመ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በአጥሩ አሻግሮ እያየ «ደግሞ ማን ሊያገባ ነው?» ይለናል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ከንግሥቲቱና ከተርቧ ጀምራ ታስረዳ ነበር። በኋላ ሰለቻትና «ማንም አያገባም፤ ተከራዮች ናቸው» ማለት ጀመረች።